የምንወደው መሪ ለምን ይሰርቃል?

ሌባ ቢሰርቅ የሚደንቀው የለም። በጉልበት የተጫነ፣ ሕዝብ የሚጠላው ሹም ካዝና ቢገለብጥም ሰው «ድሮስ ከእሱ ምን ይጠበቅ ነበር?» ብሎ ያልፈዋል። ግራ የሚያጋባው ሌላው ነው። ለሕዝብ ብሎ የተራበ፣ የታሰረ፣ የቆሰለ፣ ስሙ ሲጠራ እናቶች የሚመርቁት ሰው ወንበር ላይ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጁን ወደ አማናው ሣጥን ሲሰድ ምን ነክቶት ነው? ያኔ ሲታገል ያስመስል ነበር? ወይስ ያኔም እውነተኛ ነበረና መሐል ላይ ሌላ ሰው ሆነ?

ብዙዎቻችን ቀላሉን መልስ እንመርጣለን። «ድሮም ውስጡ ሌባ ነበር፤ አጋጣሚ አጥቶ ነው» እንላለን። ይህ መልስ የሚመቸን እኛን ነፃ ስለሚያወጣን ይመስለኛል። ሰውዬው ከመጀመሪያው ክፉ ከሆነ፣ ያጨበጨብንለትና ሒሳብ ያልጠየቅነው እኛ ተታለልን እንጂ አላጠፋንም ማለት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው የተወደደ መሪ ሲጀምር የእውነቱን ነው ባይ ነኝ። በከፊል ያበላሸውም ያው የእኛ ፍቅር ነው።

እስቲ ከአገራችን እንነሳ። አቶ ታምራት ላይኔ ወጣትነታቸውን በትጥቅ ትግል ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የሽግግሩ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ1987 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ ታሰሩ፤ በሙስናና በሥልጣን ያለ አግባብ በመጠቀም ተከሰው በ1992 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ በ2001 ዓ.ም. ተፈቱ። ክሱ ከሥልጣን ሽኩቻ ጋር የተያያዘ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። ፍርድ ቤት በዋስ ሲለቃቸው ወዲያው መልሰው ያዟቸው፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ ሕግም በዚያው ሰሞን ወጣ። እሳቸውም የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው በ1993 ዓ.ም. መሆኑንም ልብ ይሏል።

ማን በትክክል ጥፋተኛ ነበር፣ ማን አልነበረም የሚለውን ለመፍረድ አይደለም ይህን ያነሳሁት። የምለው ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች በተወደዱበት፣ ከጓዶቻቸው ጋር በተስማሙበት ዘመን ሒሳባቸውን በአደባባይ የመረመረ አልነበረም። የተመረመሩት ሲጣሉ ነው። በፍቅር ጊዜ ሒሳብ መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ በጠብ ጊዜ ደግሞ ሒሳብ መጠየቅ መሣሪያ ይሆናል። በዚህ መሐል እውነቱ ይጠፋል። የሰረቀውም «ፖለቲካ ነው» ይላል፤ ያልሰረቀውም «ፖለቲካ ነው» ይላል፤ ሕዝቡም ሁለቱን የሚለይበት መዝገብ የለውም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዛምቢያው ፍሬድሪክ ቺሉባ የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ነበሩ፤ በካውንዳ ዘመን ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከመቶ 75 የሚበልጥ ድምፅ አግኝተው 27 ዓመት የገዛውን መንግሥት በምርጫ አሸነፉ። ሕዝቡ በጎዳና ላይ አለቀሰላቸው ማለት ይቻላል። ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እሳቸውና ግብረ አበሮቻቸው ከዛምቢያ ሕዝብ ወደ 46 ሚሊዮን ዶላር እንዳጠፉ ወሰነ፤ ስለ ውድ ሱፎቻቸውና ስለ ጫማዎቻቸው በችሎት ብዙ ተወራ። በ2009 የአገራቸው ፍርድ ቤት በነፃ ለቀቃቸው። በኒካራጓም ሶሞዛን በደማቸው የጣሉት ሳንዲኒስታዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በምርጫ ሲሸነፉ፣ ሥልጣን እስኪያስረክቡ በነበሩት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቤቱንና መሬቱን ወደ ራሳቸው ስም አዛወሩት። ድሀውን ለማንሳት ወደ ጫካ የገቡ ሰዎች ነበሩ።

ታዲያ በእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ልብ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

መጀመሪያ የሚመስለኝ የድብቅ ሒሳብ ነው። ሰው መልካም ሲሠራ በልቡ ውስጥ መዝገብ ይከፍታል። «ወጣትነቴን ሰጥቻለሁ፤ እኔ ስታሰር ሌላው ይነግድ ነበር፤ እኩዮቼ ቤት ሠሩ፣ እኔ ቁስል አተረፍኩ» ይላል። በዚህ መዝገብ ሁልጊዜ አበዳሪው እሱ፣ ተበዳሪው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ ሲወስድ የሚሰርቅ አይመስለውም፤ ዕዳውን የሚቀበል ነው የሚመስለው። ሞኒንና ሚለር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ አድሏዊ አለመሆኑን አስቀድሞ ለማሳየት ዕድል ያገኘ ሰው ቀጥሎ በሚሰጠው ውሳኔ ለማዳላት ይበልጥ እንደሚደፍር አሳይተዋል። መልካሙ ሥራ እንደ ፈቃድ ወረቀት ያገለግለዋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ይህን ጉዳይ ከላቦራቶሪው በፊት በኸይበር እናውቀዋለን።

ከኸይበር ዘመቻ መልስ ነው። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልጋይ የነበረ አንድ ሰው የግመል ጭነት ሲያወርድ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ቀስት መታውና ሞተ። ሰዎቹ ሸሂድ ነው፣ እንኳን ደስ ያለው አሉ። ምን ይባላል ሌላ? ዘመቻ ላይ፣ በነብዩ አገልግሎት ላይ እያለ የወደቀ ሰው ነው። ነብዩ ግን ነገሩን አልተቀበሉትም፤ ገኒማው ሳይከፋፈል በኸይበር ቀን የወሰዳት ኩታ በላዩ ላይ እሳት ሆና እየነደደች መሆኑን በአላህ ስም ምለው ተናገሩ። ይህን የሰማ ሌላ ሰው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ እየሮጠ መጣ። ሐዲሱ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ ነው። በአሊ ዒምራን ምዕራፍ 161ኛው አንቀጽም አማናን የከዳ ሰው የከዳበትን ነገር ተሸክሞ በቂያማ ቀን እንደሚመጣ ተነግሮናል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ኩታዋ አይደለችም። የሕዝቡ ምስክርነት ነው። ሶሓቦች በቅን ልብ መሰከሩለት፤ ምስክርነታቸው ግን አላዳነውም። ሁለቱ ሒሳቦች፣ የዘመተበትና የወሰደው፣ አልተቻቻሉም። ዛሬ «እሱ እኮ ለዚህ አገር የሞተ ነው፣ አንድ ቤት ቢሠራ ምናለበት?» የምንል ሰዎች ይህን ሐዲስ ደግመን ብናነበው ደግ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይረቃል። የተወደደ ሰው ቀስ በቀስ ራሱንና ሕዝቡን መለየት ያቅተዋል። «ሕዝቡ እኔ ነኝ» ብሎ በአፉ አይናገረውም፤ ግን እሱ ሲደክመው ሕዝቡ የደከመ፣ እሱ ሲከበር ሕዝቡ የተከበረ ይመስለዋል። መኪናው ያማረው ለሕዝቡ ክብር ነው። እሱን የነቀፈ ሕዝቡን ነቀፈ። ከዚያ በኋላ የሕዝብ ገንዘብ ከኪሱ ቢገባ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ እንደ ማዛወር ነው። በዚህ ላይ በዙሪያው ያሉት ሰዎች አሉ። የሚያኮርፈውን አይነግሩትም። እውነቱን የሚነግሩት ሁለት ሦስት የድሮ ጓደኞቹ ነበሩ፤ እነሱንም «ቀንተው ነው» ብለው አራቋቸው።

በረቂቅ ከማወራ ያየሁትን ልናገር። እዚህ በአርባ ምንጭ፣ በጫሞ ዳር የማውቀው አንድ ሰው አለ። ስሙንም የማኅበሩንም ስም አልጠራም። ዓሣ አስጋሪ ነበር። ነጋዴው ዓሣውን በርካሽ እየወሰደ አስጋሪው ጦሙን ሲያድር ተነሥቶ የተከራከረ፣ ዋጋውን ያስጨመረ፣ በዚህም ሁለት ጊዜ የታሰረ ሰው ነው። መረቡን አዞ ለበጣጠሰበት ጎረቤቱ ከራሱ ኪስ ሲገዛለት አይቻለሁ። ማኅበር ሲቋቋም ያለ አንድ ተቃውሞ ሊቀመንበር ሆነ፤ ሌላ ሰው የጠቆመ እንኳ አልነበረም።

የመጀመሪያው ነገር አንድ ቆሮሶ ነው። አንዱ አስጋሪ ሲመለስ ከደጁ ጣል አደረገለት። «ልጆቹ ይብሉ» አለ። በማግሥቱ ሌላው። በሳምንቱ ሁሉም። ሚስቱ ከመብዛቱ የተነሣ ለጎረቤት ታድል ነበር። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አላስገደደም። ቀጥሎ የስልኩ ወጪ ከማኅበሩ ሆነ፤ ስልኩ ለሥራ ነዋ። ቀጥሎ የሞተር ጀልባው ቤንዚን። ከዚያ ጠባብ ዐይን ያለው፣ ጫጩቱን ሁሉ የሚያጠምድ የተከለከለ መረብ ሲያዝ የሌላው ተቃጠለ፤ የወንድሙ ልጅ መረብ ግን «ድሀ ነው፣ ለዚህ ጊዜ ይለፈው» ተባለ። ከዚያ የማኅበሩን ገንዘብ «ለጥቂት ቀን» ወሰደ። አልጻፈውም። ለምን ይጻፈው? ሊመልሰው ነው እኮ። ሁለተኛውን ሲወስድ የመጀመሪያውን መመለሱን ረስቷል።

አባላቱ አያውቁም ነበር? ያውቃሉ። «ይብላ!» ይሉ ነበር። «ከእሱ በፊት ማን ነበረልን?» እኔ ራሴ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነገሩ የፈነዳው ከአባላቱ አንዱ በሐይቁ ላይ ጉማሬ ጀልባውን ገልብጦበት የሞተ ጊዜ ነው። ማኅበሩ ለእንዲህ ያለው ቀን በየወሩ የሚቆጥበው ገንዘብ ነበረ። ሚስትየው ከነልጆቿ መጣች። ሣጥኑ ባዶ ነበር።

ሽማግሌዎች ሰብስበው ሒሳብ ሲጠይቁት ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነበር። ያፍራል፣ ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አለቀሰ፤ ግን የለቅሶው ዓይነት የተበደለ ሰው ለቅሶ ነው። «እኔን? እኔን ሒሳብ ትጠይቁኛላችሁ?» ይል ነበር። አያስመስልም። ከልቡ ነው የሚያለቅሰው። በእሱ መዝገብ ሴትየዋ ከማኅበሩ ገንዘብ አለባት፣ ማኅበሩ ግን ከእሱ የሚበልጥ ዕዳ አለበት። ያን ቀን ነው ሌባና የተወደደ መሪ የሚለያዩበት ነገር ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ሌባው መስረቁን ያውቃል፤ ስለዚህ ተውባ ለማድረግ ይቀርባል። ይኼኛው ግን ከምን ይቶብታል?

ስለ ቆሮሶው እንመለስበት፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው። አባላቱ በፈቃዳቸው የሰጡት ስጦታ ሐራም ነው ማለት ይቻላል? ሰው ወዶ ለወደደው ዓሣ ቢሰጥ ምን ኃጢአት አለው? የዘካ ሰብሳቢውን የኢብኑ ሉትቢያን ታሪክ ያነበበ መልሱን ያውቀዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአዝድ ጎሣ የሆነ ይህን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ይኼ የእናንተ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ብሎ ለየ። ነብዩ ሚንበር ላይ ወጥተው ተቆጡ፤ በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቁጭ ቢል ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ለምን አይሞክርም አሉ። ከዚህ የቀለለ፣ ከዚህ የጠለቀ መለኪያ አላውቅም። ሊቀመንበር ባይሆን ቆሮሶው ከደጁ ይወድቅ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ስጦታ ነው። አይደለም ከሆነ ስጦታው የተሰጠው ለወንበሩ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ የእሱ አይደለም።

ዑመር (ረ.ዐ.) በገዛ ልጃቸው ላይ ይህንኑ ነው የፈረዱት። ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር በገንዘቡ ግመሎች ገዝቶ ሕዝብ ወደሚያሰማራበት መስክ ሰደዳቸው። ግመሎቹ ሰቡ። ዑመር በገበያ አይተው የማን እንደሆኑ ጠየቁና ተረዱ፤ ሰዉ ሁሉ የአሚረል ሙእሚኒንን ልጅ ግመል አጠጡ፣ የአሚረል ሙእሚኒንን ልጅ ግመል አሰማሩ ሲባባል ነው ግመሎቹ የሰቡት ማለታቸው ነው። ልጁ ዋና ገንዘቡን እንዲወስድ፣ ትርፉን ወደ በይቱል ማል እንዲያስገባ አዘዙ። ልብ በሉ፣ ዐብደላህ ማንንም አልጠየቀም። ማንንም አልሰረቀም። የእሱ የሆነው ስሙ ብቻ ነበር፤ ስሙ ግን በራሱ ሄዶ ሣር በላለት። ሹሞችንም ሲሾሙ ሀብታቸውን አስመዝግበው ነበር የሚልኳቸው፤ ሲመለሱ ከመዝገቡ በላይ የሆነውን ይጠይቁ ነበር፤ ከተከበሩ ሶሓቦችም ሳይቀር ግማሹን ወስደዋል። የተጠየቁት የተጠሉ ወይም የተጣሉ ሆነው አይደለም። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው።

ስለ ተከታዩ ድርሻ ደግሞ የኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) መነሣት ያስተምራል። ያ ጀግና ተሸንፎ አያውቅም። ዑመር በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሥልጣን ሲያነሡት ለየአገሩ በጻፉት ደብዳቤ በቁጣ ወይም በክህደት እንዳላነሱት፣ ሰዎች ግን በእሱ ተፈትነው ድሉ ከአላህ መሆኑን እንዳይረሱ ፈርተው እንደሆነ አስታወቁ። መሪውን ከሕዝቡ ብቻ አይደለም የጠበቁት፤ ሕዝቡንም ከመሪው ጠበቁት። ዛሬ ለአንድ ሰው በደንብ ካጨበጨብን በኋላ «ሒሳብህን አሳየን» ለማለት አፋችን ይተሳሰራል። ያን ጊዜ ነው ፍቅራችን ለሰውየው ወጥመድ የሚሆነው።

ስለ አገሬ ሰዎች ያለ ምክንያት አላመሰግንም፤ ግን የጋሞ ደጋ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው ብልሃት ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። በዶርዜ፣ በዶኮና በሌሎቹም ደሬዎች ሀላቃ የሚባለው ሹም በዱቡሻ፣ ማለትም በጉባኤው አደባባይ ይመረጣል። የሚመረጠው ሚስት ያገባ፣ አቅም ያለው ሰው ነው። ሹመቱ ግን አያበላውም፤ ያስበላዋል። ከገዛ ሀብቱ ደግሶ ሕዝቡን የሚያበላው እሱ ነው። ሃልፐሪንና ኦልምስቴድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዶርዜ ባወጡት ጽሑፍ ባለ ሀብቱ ሰው ሹመቱን ሊሸሽ እንደሚሞክር፣ ሕዝቡም እንደሚይዘው ገልጸዋል። ሸሽቶ የሚያዝ ሹም! እኛ አገር ደግሞ ለሹመት የሚሮጠው ይበዛል። የድግሱ ሃይማኖታዊ ወገን የእኛ አይደለም፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው። አስተሳሰቡ ግን ሹመትን ለሚጠይቅ አትስጡ ከተባልነው ትምህርት ብዙም አይርቅም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሹመት በጠየቁ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደካማ መሆናቸውን፣ ነገሩ አማና መሆኑን፣ በቂያማ ቀንም ሐቁን ላልተወጣ ሰው ውርደትና ጸጸት መሆኑን ነገሯቸው። አቡ ዘር በኢማንም በዙህድም ማን የሚያህላቸው ነበር? ደግነት ብቻውን ለሹመት አይበቃም ማለት ነው።

ይሁንና ነገሩን አላስጊጠውም። ገንዘቡን የሚያወጣው ሀላቃም ስም ይገዛበታል። ስምም ደመወዝ ነው። እኛ ሪያእ የምንለው በሽታ ባዶ ኪስ ያለው ሰው ውስጥም ይገባል። ገንዘብ ያልነካ፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰግድለት የሚፈልግ መሪ አይቻለሁ፤ እሱም ቢሆን ከአማናው ላይ እየበላ ነው።

ገንዘቡ ትንሹ ጉዳት ነው ብል አንዳንዱ አይቀበለኝም ይሆናል። መስከረም 2011 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገድለው፣ ከእነሱም መሐል የጋሞ ተወላጆች ነበሩና፣ የአርባ ምንጭ ወጣት ደሙ ፈልቶ ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። አባት ለልጁ ሲንበረከክ! ወጣቱ ቆመ። ያን ቀን ከተማችን ሊነድ ይችል ነበር፤ ሱቁ፣ ቤቱ፣ የሰው ሕይወትም። እስቲ አስቡት፤ ከተንበረከኩት ውስጥ የዕድር ገንዘብ የበላ፣ የወንድሙን ልጅ መረብ ያስለቀቀ ዓይነት ሰው ቢበዛ ኖሮ፣ ከወጣቱ መሐል አንዱ «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ባለ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። አማና የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ከየትም ተበድረው አያመጡትም። የዚያ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቃል ዛሬ ሁለት አስጋሪ ቢጣሉ አያስታርቅም። ዱሮ ያስታርቅ ነበር።

እስካሁን ሌሎችን ስናማ ቆየን። ወደ ራሳችን እንምጣ። የመጅሊስ ጉዳይ በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙን «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ አደባባይ ያወጣው መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ በሚል ነበር። ስለዚያ ጥያቄ ሰዎች ታስረዋል፣ ሞተዋልም። ጥያቄው እውነት ነበር። የሚያሳስበኝ ግን የመረጥነውን መሪ መጠየቅ ካልመረጥነው ይልቅ የሚከብድ መሆኑ ነው። በግድ የተሾመብንን መጠየቅ ቀላል ነው፤ ተቆጥተናልና። የወደድነውን፣ ለእኛ የታሰረውን ኡስታዝ፣ ሌሊት ለሊት ቆሞ መስጂዱን ያሠራውን ሐጂ «ደረሰኙ የታለ?» ማለት ግን አንጀት ይጠይቃል። «ዓሊምን ተጠራጠርክ» ይሉናል። መጠየቅ መጠርጠር አይደለም። ዑመር ሀብት ያስመዘገቡት ሰዎቹን ስለ ጠረጠሩ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ባልሾሟቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን በፍትሕ እንናገር። እኛ የሹሙን ሆድ ሳንሞላ እጁን መቁረጥ የምንወድ ሰዎች ነን። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ በሆኑ ማግሥት ጨርቅ ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወጡ ነው መንገድ ላይ ያገኟቸው፤ ቤተሰባቸውን ማብላት ነበረባቸውና። ከዚያ በኋላ ነው ከበይቱል ማል የሚበቃቸው የተቆረጠላቸው። ያ ሊቀመንበርም አምስት ልጆች ነበሩት፤ ሊቀመንበር ከሆነ በኋላ እንደ ድሮው ሐይቅ ላይ አያድርም፤ ደመወዝ ግን አልቆረጥንለትም። «ለሕዝብ ነው የሚሠራው» አልነው። ለሕዝብ የሚሠራ ሰው የሚበላው ከየት ነው? በግልጽ ብንከፍለው ኖሮ በስውር ባልተከፈለ ነበር አልልም። ቢያንስ ግን ያ የልቡ መዝገብ እንዲህ አያብጥም ነበር። የመስጂዶቻችን ኢማሞችም እንዲሁ ናቸው። በቂ ሳንሰጣቸው በየቤቱ ሶደቃ እየተቀበሉ እንዲኖሩ አድርገን፣ ከዚያ በባለ ሀብት ፊት እውነት እንዲናገሩ እንጠብቃለን።

እኔ የምሰግድበት መስጂድ በቅርቡ አንድ ነገር ተጀመረ። ሣጥኑ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በሦስት ሰው ፊት ይከፈታል፤ ተቆጥሮ ወዲያው ይጻፋል፤ ወረቀቱም በር ላይ ይለጠፋል። ቁልፉን ለብዙ ዓመት የያዙት አባት ሐሳቡ ሲነሣ ዝም አሉ። ከዚያ «አላመናችሁኝም?» አሉን። ስለምናምንዎት ነው፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣውም ሥርዓት እንዲሆን ነው አልናቸው። በእርግጥም በእሳቸው ላይ የተባለ ነገር የለም። ተስማሙ። ሣጥኑን ሲከፍቱ ግን እስከ ዛሬ ፊታቸውን ከእኔ ያዞራሉ።